ከሰጋቱራና ከሃይድሮጅን መብራትም ሙቀትም ማውጣት፦ ጎንደር ላይ ያዋጣል?

የአዘዞው አናጢ | ኅዳር 3፣ 2018፣ ማታ 2፡20

ሰላም ወገኖቼ። አዘዞ ላይ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን እንሠራለን። አምስት ሆነን ነው የምንውለው።

ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። አንዱ መብራት ነው። ትናንት አምስት ሰዓት ላይ አንድ ጣውላ መላጊያው ውስጥ እስከ ግማሽ ገብቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ምላጩ ቆሞ እንጨቱ ላይ ቦይ የመሰለ ጠባሳ ተወበት። የደንበኛ ጣውላ ነው፤ ዋንዛ። ከራሴ አውጥቼ ተካሁለት። ጄኔሬተር አለኝ፤ ግን ናፍጣውን ማግኘቱም መክፈሉም ወገብ ይቆርጣል።

ሁለተኛው ሰጋቱራ ነው። ከቤቱ ጀርባ ከወገብ በላይ ተከምሯል። ክረምት ዝናብ መትቶት እጅህን ስትከትበት ውስጡ ይፋጃል። ቁርጥራጩን የሰፈር እናቶች ይወስዱልኛል። ሰጋቱራውን ግን የሚፈልገው የለም።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አየሁ። አውሮፓ ውስጥ ከእንጨት ጋዝ ያወጣሉ፣ ሃይድሮጅንም ይጨምሩበታል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክና ሙቀት አንድ ላይ ያመነጫሉ። ካርቦኑም ከናፍጣ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው ይላል። ይህን ነገር ጎንደር ላይ መሥራት ይቻላል? የምታውቁ አስረዱኝ።

---

ማራኪ መካኒካል | ኅዳር 3፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ምድጃ ላይ ፍልጥ ስትጨምር መጀመሪያ ወፍራም ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት ቦግ ይላል አይደል? ያ ጭስ ነዳጅ ነው። ነበልባል ሆኖ የሚነድደው ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ ነው። የእንጨት ጋዝ ማውጫ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። የሚገባውን አየር ይቀንሳል፣ ጭሱን በጋለ ፍም ውስጥ ያሳልፋል፣ ጋዙንም ሳይነድድ በቱቦ ይወስደዋል።

በተራ አየር ከተሠራ ጋዙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ 20 በመቶ ገደማ አለ። ሃይድሮጅን ከ15 እስከ 20 በመቶ። ትንሽ ሜቴን። ግማሽ ያህሉ ግን የማይነድድ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን ከውጭ ሳታመጣ ከእንጨትህ ራሱ ታገኘዋለህ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ሲጠፋ አውሮፓ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በዚህ ጋዝ ነድተዋል።

አሁን ሒሳቡ። በደንብ የደረቀ እንጨት 1 ኪሎው ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ትንሽ ሞተር ግን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ እንጨት በልቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጥህ። የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይሄዳል። የአውሮፓዎቹ ብልሃት ያን ሙቀት መያዛቸው ነው።

እኛ ጋ ሦስት ነገር ያስቸግራል። መጀመሪያ፣ ጋዙ ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ተለጣፊ ነገር አለ። ሲቀዘቅዝ ቫልቭ ላይ ይጋገራል፣ ሞተሩንም ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ሰጋቱራ ሲከመር አየር አያሳልፍም። ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚሆነው በጣት ወይም በቡጢ መጠን የተቆረጠ ቁራጭ ነው፣ ወይም ታምቆ የተሠራ ብሪኬት። ሦስተኛው ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ተርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የእንጨት ጋዝ ደግሞ ከቤንዚን ሲተያይ ሌላ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንስበታል። 10 ኪሎዋት የተጻፈበት የቤንዚን ጄኔሬተር እዚህ በእንጨት ጋዝ ቢነሳ 5 ገደማ ይሰጥሃል። ያንተ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ ስለሌለው ጋዙን ብቻውን አያቃጥልም። ትንሽ ናፍጣ አብሮ መርጨት ግድ ነው።

ይቻላል፤ ግን እንደ ቪዲዮው በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም።

---

የአዘዞው አናጢ | ኅዳር 3፣ ማታ 3፡18

እግዜር ይስጥልኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። የሰጋቱራውን ነገር ግን ሆዴ አልቆረጠም። አየር ካላሳለፈ ምን ይሁን?

---

የቀሃ ልጅ ከስዊድን | ኅዳር 3፣ ማታ 4፡40

ያደግሁት ቀሃ አካባቢ ነው። አሁን ስዊድን ነው የምኖረው፣ እናንተ ስለምትሉት ነገር መሃል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

እዚህ ከተማው ሥር የሞቀ ውሃ ቱቦ ተዘርግቷል። ከተማ ዳር ያለው ጣቢያ የእንጨት ቅርፊት፣ የዛፍ ጫፍና የመጋዝ ቤት ትርፍራፊ ያቃጥላል። በእንፋሎቱ ተርባይን ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ከተርባይኑ የተረፈው ሙቀት በቱቦው ወደ ቤት ይገባል። ጥር ላይ ውጭው በረዶ ሆኖ እኔ ቤት ውስጥ በካናቴራ ነው የምቀመጠው። ይህ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካርቦን ላይ ግብር ጣሉ፣ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ወደደ፣ እንጨቱ አዋጣ።

ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ ጉሲንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአየር ፋንታ በእንፋሎት ከእንጨት ጋዝ የሚያወጣ ጣቢያ ሠሩ። ናይትሮጅን ስለማይገባበት ከጋዙ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ሃይድሮጅን ነበር። 8 ሜጋዋት የእንጨት ኃይል ገብቶ 2 ሜጋዋት ኤሌክትሪክና 4.5 ሜጋዋት ሙቀት ይወጣ ነበር። ሙቀቱ ከኤሌክትሪኩ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ልብ በሉ። እሱም ቢሆን ለኤሌክትሪኩ የሚሰጠው ከፍ ያለ ዋጋ ሲያልቅ ቆሟል።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጎንደር ውስጥ ያን ሁሉ ሙቀት ማን ይወስደዋል? ቤት ማሞቂያ አያስፈልገንም። ወሳጅ ከሌለ ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ወደ ሰማይ እየለቀቅን ለአንድ እጅ መብራት ዛፍ እንቆርጣለን ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

---

ቅዳሜ ገበያ ጋጋሪ | ኅዳር 4፣ ጠዋት 12፡50

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

ሙቀቱን ማን ይወስደዋል ላልከው የቀሃ ልጅ፣ እኔ እወስደዋለሁ። እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ። አብሲቱን ጥዬ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቀኝ መብራት ከሄደ ሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ይኮመጥጣል። ያኔ ወደ እንጨት ምድጃ እመለሳለሁ። አንድ ሸክም እንጨት ዋጋው ስንት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ዓይኔም ከጭሱ የተነሳ ማታ ማታ ክር አላስገባ ብሎኛል።

ይህ የምትሉት ጋዝ ለምጣድ ይሆናል ወይ?

---

ማራኪ መካኒካል | ኅዳር 4፣ ጠዋት 1፡30

እናቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁላችንም ይልቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሦስቱ ከ10 ይበልጣሉ። ይህን ከእንጨት ጋዝ በሞተር አድርገን ኤሌክትሪክ ብናወጣና መልሰን ምጣድ ላይ ሙቀት ብናደርገው ትልቅ ብክነት ነው። እንጨቱ በቀጥታ በጥሩ ምድጃ ውስጥ ሙቀት ቢሆን ይሻላል። እርስዎ የሚፈልጉት ሙቀት ነው፤ በኤሌክትሪክ በኩል መዞሩ አያስፈልግም።

ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ ጠጠር በየክፍሉ ተገጣጥሞ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ ሞክረውታል? ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ጭሱንም ወደ ኋላ ይወስደዋል።

---

ቅዳሜ ገበያ ጋጋሪ | ኅዳር 4፣ ጠዋት 1፡52

አለኝ። አንዱ ጎኑ ተሰንጥቋል እንጂ ደግ ነው። እንጨቱ ግን ያው መገዛቱ አልቀረም።

---

ጽድና ወይራ | ኅዳር 4፣ ቀን 6፡15

ሙያዬ ደን ነው። ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም።

«ዝቅተኛ ካርቦን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እንጨቱ ከየት መጣ? እንጨት ሲነድድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ደረቅ እንጨት ግማሹ ካርቦን ነው፤ 1 ኪሎው ሙሉ በሙሉ ሲነድድ 1.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሒሳቡ የሚዘጋው በተቆረጠው ምትክ ሌላ ሲበቅልና ያንኑ መልሶ ሲስብ ነው። የአዘዞው ወንድማችን ሰጋቱራ ግን የተለየ ነው። ዛፉ ለበር ተቆርጧል። ሰጋቱራው እዚያው በስብሶ ካርቦኑን መልቀቁ አይቀርም። እሱን መጠቀም ንጹሕ ትርፍ ነው። ዛፍ ለሞተር ብሎ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዙሪያችንን እዩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ገብታችሁ ጽዱን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ወጥታችሁ ተራራውን እዩ። አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ውጭው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ። ባሕር ዛፍን አልጠላም። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል፣ ገበሬው ልጁን ያስተምርበታል። ግን አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው ውሃ ሲጠማ ያየነው ከላይ ያለው ተዳፋት ስለተራቆተ ነው። ኤሌክትሪክ እናመንጭ ብለን የእንጨት ፍላጎት ላይ ሌላ ፍላጎት ብንጨምር ተዳፋቱ አይችለውም።

ከሰል ላይም እንነጋገር። በጉድጓድ የሚከሰለው ከሰል 1 ኪሎ ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይበላል። ያን ያህል ጋዝ አፈር ሥር እየጨሰ ይጠፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሞተሩ በፊት ይህን ማዳን ይቀድማል።

---

ፋሲለደስ 18 | ኅዳር 4፣ ማታ 1፡10

ሁላችሁም እንጨት እንጨት ትላላችሁ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት ነው። ጣና በለስም 460 ሜጋዋት አለ። ውሃና ኤሌክትሪክ ካለን ሃይድሮጅን ራሳችን እናምርት። ሃይድሮጅን ሲነድድ የሚወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው። ካርቦን የለውም። እናታችንም ምጣዳቸውን በሃይድሮጅን ይጋግሩ፣ ጭስ ይቅር። ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፤ ይህን ነገር ከልቤ ነው የምወድደው።

---

ማራኪ መካኒካል | ኅዳር 4፣ ማታ 1፡48

ፍላጎትህን አትተው ወንድሜ። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው።

ውሃን በኤሌክትሪክ ከፋፍሎ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ብዙ አይደለም፤ 9 ሊትር ነው፣ ግን የተጣራ መሆን አለበት። ያ 1 ኪሎ ሲነድድ የሚመልሰው 33 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው። በሞተር ወይም በነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅኑን ያለ ነበልባል ኤሌክትሪክ በሚያደርግ መሣሪያ) መልሰን ኤሌክትሪክ እናድርገው ብንል ከ20 ብዙም አያልፍም። በዚያው 50 ኪሎዋት ሰዓት የእናታችን አንድ ምጣድ በቀጥታ ከ14 ሰዓት በላይ ይሠራል።

ማስቀመጡም ከባድ ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ሳይታመቅ 11 ሜትር ኩብ ይሞላል፤ አንድ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ለማመቅ በመቶ የሚቆጠር ባር ግፊት የሚችል ጋን ያስፈልጋል። ነበልባሉ ቀን ላይ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነበት ሁሉ ይቀጣጠላል። ጓዳ ውስጥ አላስገባውም።

ደግሞም መብራታችን የሚቋረጠው ግድብ ስለሌለን ብቻ አይደለም። መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ስርጭቱ ነው። ሃይድሮጅን ትራንስፎርመር አይጠግንም።

---

ፋሲለደስ 18 | ኅዳር 4፣ ማታ 2፡02

14 ሰዓት? ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እሺ፣ ታዲያ ዓለም በሙሉ ስለ ሃይድሮጅን የሚያወራው ለምንድን ነው?

---

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር | ኅዳር 5፣ ጠዋት 3፡25

ልጄ ፋሲለደስ፣ ለዚህ ጥያቄህ እኔ ልመልስልህ። አርባ ዓመት ገደማ ያስተማርኩት ነገር ነው።

ሃይድሮጅን ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ማንደዱ ላይ አይደለም፤ ማዳበሪያ ላይ ነው። ከአየር የሚወሰድ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሲገናኙ አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ዩሪያ ይሆናል። ደምቢያ ሜዳ ላይ ገበሬው በጆንያ ተሸክሞ የሚረጨው ነጭ ፍሬ ያ ነው። አገራችን ማዳበሪያዋን በመርከብ ነው የምታስገባው።

አሁን እስኪ በኩንታል እናስበው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 57 ኪሎ ያህል አሞኒያና 73 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። አሞኒያው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን 10 ኪሎ ነው። ማራኪ ባሰላው መሠረት ሃይድሮጅኑን ለማውጣት ብቻ ከ500 እስከ 550 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱስ? ጽድና ወይራ እንዳለው 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 1.8 ኪሎ ይሰጣል። ስለዚህ 40 ኪሎ የእንጨት ትርፍራፊ ሲነድድ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ይበቃል። እንጨትና ሃይድሮጅን በእውነት የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። እንጨቱ ካርቦኑን ይሰጣል፣ ውሃው ሃይድሮጅኑን ይሰጣል፣ ሙቀቱ ለፋብሪካው ይሆናል።

ይህ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በዚሁ በዓባይ ውሃ ተሠርቶበታል። አስዋን ላይ ግብፆች በግድባቸው ኤሌክትሪክ ውሃ ከፋፍለው፣ ሃይድሮጅን አውጥተው ለአሥርተ ዓመታት ማዳበሪያ አምርተዋል። ኖርዌዮች ከዚያም ቀድመው ርዩካን በምትባል ሸለቆ በፏፏቴ ኃይል ሠርተውታል። የኋላ ኋላ የተፈጥሮ ጋዝ ረክሶ ቦታውን ወሰደው እንጂ ሥራው ይሠራል።

ትልቅ ፋብሪካ ነው፣ የከተማ ወይም የግለሰብ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ወጣት መሐንዲሶቻችን ስለ ሃይድሮጅን ሲያልሙ ከምጣዱ ይልቅ ስለ ዩሪያው ቢያልሙ ደስ ይለኛል። የክረምት ውሃ ሞልቶ ተርባይን ሳይዞርበት የሚፈስስበት ሌሊት ካለ፣ ያን ኃይል ማዳበሪያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

---

ፋሲለደስ 18 | ኅዳር 5፣ ጠዋት 4፡00

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ሰጡኝ። በውስጥ መስመር ልጻፍልዎ?

---

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር | ኅዳር 5፣ ጠዋት 4፡20

ጻፍልኝ እንጂ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።

---

መተማ ሰሊጥ | ኅዳር 5፣ ማታ 2፡30

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አሁን የሰሊጥ አጨዳ ነው። ነዶው ተራግፎ ሲያልቅ አገዳው እዚያው ይቆማል። ሰብስበን እሳት እንለቅበታለን። ሌሊት ብትመጡ ቆላው ሁሉ ቀይ ነው። ያን ያህል እሳት በከንቱ ሲሄድ ያንገበግበኛል። ጎንደር ብናመጣው አይጠቅምም?

---

ማራኪ መካኒካል | ኅዳር 5፣ ማታ 3፡10

ነዳጅነቱ ጥሩ ነው። ችግሩ መኪናው ነው። አገዳ ቀላል ነው፤ አይሱዙው ሞልቶ ክብደቱ ግን ትንሽ ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አየር ጭኖ እንደመምጣት ነው። በዚያ ላይ የሰብል አገዳ ከእንጨት ይልቅ አመዱ ይበዛል። አመዱ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፣ ምድጃውን ይዘጋል።

እዚያው መተማ ላይ ታምቆ ብሪኬት ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ወይም እዚያው ማበጠሪያ ላለበት መጋዘን ኃይል ቢሆን። ወንጂና ፊንጫ የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳቸውን ገለባ እዚያው አቃጥለው እንፋሎትም ኤሌክትሪክም ያወጣሉ። የተሳካላቸው ገለባው በር ላይ ስለሚወድቅላቸው፣ እንፋሎቱንም ጭማቂ ለማፍላት ስለሚፈልጉት ነው። ነዳጁም የሙቀት ፈላጊውም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

---

ጎርጎራ ዳር | ኅዳር 5፣ ማታ 3፡35

እምቦጭስ? ጣናን የወረረውን አንድደን መብራት ብናደርገው?

---

ጽድና ወይራ | ኅዳር 5፣ ማታ 3፡50

እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ማድረቂያው ብቻ ከሚሰጠው በላይ ይፈጃል። ለእሱ የሚሆነው ባዮጋዝ ጉድጓድ ነው፣ ከከብት እበት ጋር።

---

የአዘዞው አናጢ | ኅዳር 6፣ ማታ 1፡30

ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብ ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አይበቃም። «ነዳጁም የሙቀት ፈላጊውም አንድ ግቢ» የሚለው አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ ጋ ሙቀት ፈላጊ ማን ነው ብዬ ዛሬ ሥራ ቤቱ ውስጥ ዞርኩ። ጣውላው ነው!

የምገዛው ጣውላ እርጥብ ነው። ሳይደርቅ በር አድርጌው ደንበኛ ቤት ከተሰቀለ በኋላ በበጋ ይጣመማል፣ አልዘጋ ይላል። ባለፈው ዓመት አራት በር መልሼ ሠርቻለሁ። በቁርጥራጩ እሳት የሚሞቅ ማድረቂያ ክፍል ብሠራስ?

---

ማራኪ መካኒካል | ኅዳር 6፣ ማታ 2፡00

ይህን ካልክማ ገብቶሃል! ከሞተሩ በፊት እሱን ሥራ።

ትንሽ የብሎኬት ክፍል ትበቃለች። እሳቱ ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ጭሱ በወፍራም ቱቦ ወለሉ ላይ አልፎ በሌላው ጫፍ ይውጣ። ጭሱ እንጨቱን አይንካው። በጣውላዎቹ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ዱላዎች አስገባ፣ አየር እንዲዞር። ላይ ላዩን እርጥበት ማስወጫ ቀዳዳ ተው። አትቸኩል፤ ባሕር ዛፍ በኃይል ከሞቀ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ 40 ዲግሪ አካባቢ ያዘው፣ እየደረቀ ሲሄድ ወደ 60 ከፍ አድርገው። ለቤት ዕቃ የእርጥበቱ መጠን 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት እንዳትጨምርበት። ሙጫውና ቀለሙ መርዝ ያወጣል።

---

አንዲት ነርስ | ኅዳር 6፣ ማታ 3፡15

ስለ መርዝ ከተነሳ እኔም ልናገር። ማራኪ የእንጨት ጋዝ ውስጥ 20 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ ብሏል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አንብቦ አልፎታል። እባካችሁ ተመለሱና አንብቡት። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል።

እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ በታኅሣሥ ብርድ የከሰል ምድጃ ክፍሌ አስገብቼ፣ በርና መስኮት ዘግቼ ተኝቻለሁ። ሌሊት ራሴ ሊፈርስ ሲል ነቃሁ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እየዳሁ ሄጄ በሩን በእግሬ ከፈትኩት። ከጎኔ የተኛችውን እህቴን በፀጉሯ ጎትቼ ነው ያወጣኋት። ጭስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከሰሉ ፍም ብቻ ነበር። አሁን በሥራዬ ላይ እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎች ሳይ ያ ሌሊት ይመጣብኛል።

ጋዝ ማውጫ የምትሠሩ ሰዎች፣ ውጭ ሜዳ ላይ ሥሩት። ጣራ ሥር፣ ክፍል ውስጥ፣ ማታ ብቻችሁን አታድርጉት። ራሳችሁን ካዞራችሁ መጀመሪያ ወደ አየር ውጡ፣ ከዚያ ነው ማሽኑ።

---

የአዘዞው አናጢ | ኅዳር 6፣ ማታ 3፡24

እህቴ፣ ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሥራ ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

---

አራዳ በያጅ | ኅዳር 7፣ ቀን 7፡40

ስለ ሰጋቱራው ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልመልስ። አባቴ ይጠቀምበት የነበረ ምድጃ አለ።

20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውሰድ፣ የቆርቆሮውን። ቀለሙን ውጭ አቃጥለህ አጥራው። ከሥር፣ ጎኑ ላይ፣ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ክፈት። በቀዳዳው አንድ ለስላሳ ዱላ እስከ መሃል አስገባ። ሌላ ዱላ ከላይ ወደ ታች አቁም፣ ከመጀመሪያው ጋር እንዲነካካ። አሁን ደረቅ ሰጋቱራ በዙሪያው ጨምርና በቡጢህ ጠቅጥቀው፣ ደጋግመህ፣ እስኪጠነክር። ሲሞላ ሁለቱን ዱላዎች ቀስ ብለህ እያሽከረከርህ አውጣ። እንደ ጭስ ማውጫ ያለ ቀዳዳ ይቀርልሃል። ከታች በትንሽ ወረቀትና ጭራሮ ለኩሰው።

እሳቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ሳትነካው ለሰዓታት ይነድዳል። አየር አያሳልፍም የተባለው ሰጋቱራ እዚህ ላይ ጥቅም ሆነ፤ ቀስ ብሎ እንዲነድድ ያደረገው መጠቅጠቁ ነው። አንድ ባልዲ በነፃ እሠራልሃለሁ። ሁለተኛው ለእናታችን ይሁን።

---

ቅዳሜ ገበያ ጋጋሪ | ኅዳር 7፣ ቀን 8፡15

እደግ ልጄ። ልጄን ልኬ አስመጣዋለሁ።

---

ቅዳሜ ገበያ ጋጋሪ | ኅዳር 12፣ ማታ 1፡05

ልጆቼ፣ የባልዲውን ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀን ምጣድ ጣድኩበት። አልሆነም። መሃሉ አረረ፣ ዳሩ ነጣ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም። አምስት እንጀራ አበላሸሁ። ነበልባሉ አንድ ቦታ ነው የሚመታው፤ ምጣድ ደግሞ እኩል ሙቀት ይወዳል።

በማግስቱ ወጥ ጣድኩበት። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ የቡናው ውሃም፣ የአብሲቱ ውሃም በአንድ ባልዲ አለቀ። ከጠዋት አንድ ሰዓት ለኩሼው ስድስት ሰዓት ድረስ ነደደ። ጭሱ ሲጀምር ብቻ ነው፣ ከዚያ ጠራ። በአምስት ቀን አንድ ሸክም እንጨት ሳልገዛ ቀረሁ። ባልዲውን ሁልጊዜ ደጅ ነው የማነድደው፣ ነርሷ ልጄ እንዳለችው።

---

አራዳ በያጅ | ኅዳር 12፣ ማታ 1፡30

እናቴ፣ ለምጣዱ ባልዲውና ምጣዱ መሃል ወፍራም ላሜራ እናስገባ። ሙቀቱን ወደ ዳር ይበትነዋል። ሁለት ባልዲ ጎን ለጎን ማድረግም ይቻላል። ነገ መጥቼ እለካዋለሁ።

---

የአዘዞው አናጢ | ኅዳር 18፣ ማታ 2፡45

ያለሁበትን ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማታው ቁርጥራጩን መዘንኩ። በቀን በአማካይ 38 ኪሎ ነው። ማራኪ ባለው ከሄድን በሞተር ከ25 እስከ 38 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣዋል። ለማሽኖቼ አይበቃም አልልም። ግን ማድረቂያውን መርጫለሁ። ብሎኬቱ ተደርድሯል፣ ቱቦውን በያጁ ወንድሜ እየሠራ ነው። ለጋዙ ሞተር ከክረምት በኋላ እንመለስበታለን። ፋሲለደስ አብሮኝ ሊሠራ ቃል ገብቷል።

ቁርጥራጩን ሲወስዱ የነበሩ የሰፈር እናቶችን ግን አልረሳኋቸውም። ግማሹ የእነሱ ነው። ሰጋቱራውን ከዝናብ እንዲጠበቅ ቆርቆሮ ሥር አዛውሬዋለሁ። የሚፈልግ ጆንያውን ይዞ ይምጣ።

---

ቅዳሜ ገበያ ጋጋሪ | ኅዳር 18፣ ማታ 3፡00

ላሜራው ገብቶ ዛሬ ጋገርኩ። እስከ ዳር ድረስ ዓይን አወጣ።

ለቅዳሜ አራት ጆንያ አስቀምጥልኝ። ደረቁን፣ ከላይ ያለውን።